በሁለት ሐሙስ የታየ ባሕር

ሰብሃ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1971

ይህ ጽሑፍ በቀርቀና ደሴት፣ በክራተን መንደር ለሚገኙት ለወላጅ አባቴ ለባባ ምፍታሕ ይድረስልኝ። ሰላምታዬን በየስማችሁ ማቅረብ እፈልጋለሁና፣ ባለሱቁ ሲ ናጂ ሲያነብልዎት አንዱንም ስም እንዳይዘል ይንገሩልኝ። አስቀድሞ ለእርስዎ ሁለት እጅዎን ስሜ፤ ቀጥሎ ለእናቴ ለኡሚ መብሩካ ግንባሯን ስሜ፤ ለእኅቴ ለመኑቢያና ለባሏ፣ ባለፈው ዓመት ተወልዶ እስካሁን ላላየሁት ልጃቸውም፤ ወገቡን ለሚያመው ለአጎቴ ለተይብ፤ ስሜን እየረሳች «ያ ቀጭኑ ደህና ነው?» እያለች ለምትጠይቀው ለአያቴ ለሉይዛ፤ ወደ ስፋቅስ ወደብ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ለሚሠራው ለዙሃይር፤ ለጎረቤታችን ለኻልቲ ትብር፤ ለልጇ ለእጮኛዬ ለደላንዳ፤ በመጨረሻም ድምፁን ለሚያውሰኝ ለሲ ናጂ፣ በመካከላችን ባለው አሸዋና ውሃ ልክ የበዛ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ስለ ጤናዬ ለጠየቁኝ፣ ሳሉ ለቆኛል። ስለ ምግቤም እናቴ አትሥጋ፤ በየቀኑ ፓስታ በቲማቲም እንበላለን። በዚህ በረሃ ዓሣ ካየሁ ግን ሦስት ዓመት ሆነኝ።

«ደሴቱን ጥለን መውጣታችን የምር ነው ወይ?» ብለው ለጠየቁኝ፣ አዎን፣ የምር ነው። እኔ የልስን ሠራተኛ ነኝ። በክራተን የሚለሰነው ግድግዳ ሁሉ ከተለሰነ ቆይቷል፤ ማዶ ባለው ምድር ግን በባሕሩ ዳር አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው። የሥራ ውሌ በጁላይ ሲያልቅ ደላንዳን አግብቼ፣ እርስዎንና እናቴን ይዤ፣ በዚያ ዳር ካሉ ሁለት ጸጥ ያሉ ከተሞች በአንዱ ለመኖር አስቤአለሁ። በሸባ የቀድሞ ወዳጅዎ ሐጅ ብርሒም ሁለት ክፍልና ግቢ ያለው ቤት እስከ ማርች መጨረሻ ሊያቆይልን ቃል ሰጥቷል። በሰለቅታ ደግሞ የደላንዳ ታላቅ እኅት ባል የጉድጓድ ውሃ ያለው ቤት አግኝቶልናል። የከተማው ስም በጋብቻው ውል ላይ፣ በሁለቱ የውል ጸሐፊዎች ፊት እንደሚሰፍር ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ከሰፈረ ደላንዳን ያለ ፈቃዷ ከዚያ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ መሳሳት አይገባኝም፤ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእርስዎ ነገር ነው። በየመጸው የተምር ዝንጣፊ በባሕሩ ወለል ላይ እንደ አጥር ተክለው፣ የውሃው ሙላትና ጉድለት ዓሣውን እየነዳ እንዲያስገባልዎት አድርገው የኖሩ ሰው ነዎት። ውሃው የማይሄድና የማይመጣ ከሆነ የባሕር አጥር ምን ይሠራል? በሁለቱም ከተማ የውሃውን መንቀሳቀስ በዓይንዎ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። ሁለቱን በእኩል ሚዛን ለመመዘን እንዲመቸኝ፣ ሁለቱንም ቀን ሐሙስ አድርጌአለሁ፦ ፌብሩዋሪ 18 ቀን ወደ ሸባ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን ወደ ሰለቅታ ይሂዱ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ዳር ላይ ተቀምጠው ውሃው ስንት ስንዝር እንደወረደ ይለኩ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ ያዩትን ብቻ እንጂ የሚመስልዎትን እንዳይጽፉልኝ፤ ፍርዱን ለእኔ ይተዉልኝ። ደላንዳም የትኛውን እንደምትወድ ያስጠይቁልኝ። ዘንድሮ በእኛ በኩል አጥሩ እንዴት እንደያዘም ይጻፉልኝ።

መልስዎን በመጀመሪያው ጀልባ እጠብቃለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ ፈርጃኒ


ክራተን፣ ማርች 1 ቀን 1971

ልጄ ፈርጃኒ፣

ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተም ደህና ሁን። የአረፋ በዓል አለፈ። እናትህ የሥጋ ድርሻህን ለጎረቤት ሰጠች፤ እያለቀሰች ሰጠች።

ያልከውን አድርጌአለሁ። በ18 ሸባ ሄድኩ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው አልወረደም፣ አልሞላም። ሳሕን ላይ እንደቀረ ሾርባ ቆመ። ሐጅ ብርሒም መጥቶ «ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ልጄ ጠብቅ ብሎኛል» አልኩት። ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልጽፍልህም፤ ያየኸውን ብቻ ብለሃልና።

በ25 ሰለቅታ ሄድኩ። እዚያ ውሃው ሁለት ስንዝር ወረደ፣ ተመልሶም ሞላ። ያየሁት ይኸው ነው።

የልጅቷን ነገር ጠየቅኩ። እኔ በገባሁ ቁጥር ደላንዳ ወደ ጓዳ ትሸሻለች፤ ከአማቷ መደበቅ ወጉ ነውና ምን አደርጋለሁ? ኻልቲ ትብርን ጠየቅኳት። «ደላንዳ ሰለቅታ ትላለች» አለችኝ። «የምትለው እሷ ናት ወይስ አንቺ?» ብላት፣ «ከእኔ ሆድ አይደል እንዴ የወጣችው!» ብላ ጮኸችብኝ።

አባትህ ምፍታሕ

ይህን ደግሞ እኔ ናጂ ነኝ የጨመርኩት። ወንድሜ ፈርጃኒ፣ አባትህ ሌላ ነገር ሊያስጽፉኝ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። «ምን ልጨምር?» ስላቸው፣ «ፈራጁ እሱ ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። እሽገው» አሉኝ።


ሰብሃ፣ ማርች 20 ቀን 1971

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለባባ ምፍታሕ፤ ለእናቴ፣ ለእኅቴና ለቤቷ፣ ለአጎቴ ለተይብ፣ ለአያቴ ለሉይዛ፣ ለዙሃይር፣ ለኻልቲ ትብርና ለደላንዳ፣ ለሲ ናጂም፣ ናፍቆቴን በሰላምታ አስሬ ልኬአለሁ።

ስለ ደከሙልኝ ድካም ቃል የለኝም። በዚያ ዕድሜዎ ሁለት ጊዜ ባሕር አሻግሬ፣ በአውቶቡስ አንገላትቼ፣ ድንጋይ ላይ ስላስቀመጥሁዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤዎን ዐሥር ጊዜ አነበብሁት። አብሮኝ የሚያድረው የቃፍሳው ሐማ፣ ተራራ እንጂ ባሕር አይቶ የማያውቀው፣ «አንተ ሰው፣ ሁለት ያንቀላፉ መንደሮች ናቸው! ዓይንህን ጨፍነህ በአንዱ ላይ ተኛ» እያለ ያላግጥብኛል። እኔ ግን ጨፍኜ አልመረጥሁም። የሸባ ውሃ እንደ ሾርባ ከቆመ፣ የሰለቅታው ሁለት ስንዝር ከሄደ፣ ነገሩ ተፈርዷል፤ እርስዎ ሥራ ፈትተው የሚቀመጡበት ከተማ አልወስድዎትም። ስለዚህ ሰለቅታን መርጫለሁ። ለሐጅ ብርሒም ቤቱን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ዛሬ ጽፌለታለሁ። እርስዎም ለኻልቲ ትብር የምሥራቹን ይንገሯት።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎኛል። የጠየቅሁት ደላንዳን ነበር፤ የመለሰችልኝ ግን እናቷ ናት። ሰለቅታ የደላንዳ ፈቃድ ይሁን የኻልቲ ትብር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አጥሩ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘም አልመለሱልኝም፤ ምናልባት ሲ ናጂ ዘሎት ይሆናል።

በሁለቱም ነገር በፍጥነት ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ፈርጃኒ


ክራተን፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1971

ልጄ ፈርጃኒ፣

ደብዳቤህ ቅዳሜ ደረሰ። ናጂ እንደ ወትሮው ሱቁ ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። «ነገሩ ተፈርዷል» የሚለው ላይ ሲደርስ ተይብ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ይህ የማን ልጅ ነው? የእኛ ነው ወይስ የግመል ነጂ?» አለ። ዙሃይርም «አጎቴ ምፍታሕ፣ ፈራጁን ወደ ጀልባው ላኩልኝ፤ መልሕቁን የት እንደምጥል ይፍረድልኝ» አለ።

እንግዲህ ፍርዱ ካለቀ ምስክሩ ይናገር። በ18 ጨረቃዋ ግማሽ ነበረች። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የሞተ ውሃ ነው። ያን ቀን ሸባም፣ እዚህ ክራተንም፣ የትም ብትሄድ ባሕር ይተኛል። በ25 ጨረቃ አልነበረችም። ያን ቀን ሕያው ውሃ ነው፤ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እንኳ የሚንቀሳቀስበት ቀን ነው። የሰለቅታ ባሕር በዓመቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠውን ሠርቶ ነው ሁለት ስንዝር የወረደው። ሸባ በዚያው ቀን አምስት ይወርዳል። ሐጅ ብርሒም የሳቀው ለዚህ ነበር። አንተ ሐሙስን ከሐሙስ አስተካከልህ፤ ጨረቃን ከጨረቃ አላስተካከልህም።

ለምን ዝም አልክ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ያየኸውን ብቻ ጻፍ አልከኝ፣ ያየሁትን ጻፍኩ። ደግሞም አሁንም ታውቅ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። የዚህ ደሴት ልጅ ቀን ሲቆርጥ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል።

እናትህ «እንዲህ አይጻፍለት፤ ይከፋዋል» ትላለች። ጽፌአለሁ።

አባትህ ምፍታሕ


ሰብሃ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1971

ለተከበሩ አባቴ፤ በቤት ላሉትም ሁሉ ሰላም ይሁን። በየስሙ ለመጻፍ ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በእውነት ተሳስቻለሁ፤ ስሕተቴን አልክድም። ነገር ግን ባባ፣ ሸባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ያውቁ ነበር። ሐጅ ብርሒም ያውቅ ነበር። አጎቴ ተይብ ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ እዚህ ካምፕ ውስጥ በማይጠቅም ቁጥር ላይ ተደፍቼ ሳሰላ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ መስመር የነፈጋችሁኝ ምን በድያችሁ ነው? ለመፈተን ከሆነ በሌላ ነገር መፈተን ይቻል ነበር። ይህ የምኖርበት ቤት ነው። የማገባት ሴት ናት።

ነገሩን ለማቃናት የሚቻለኝን አድርጌአለሁ። ለሐጅ ብርሒም ፈጣን ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ መልሱ ትናንት ደረሰኝ። ያ ቤት ለአንድ መምህር ተሰጥቷል። ከመቃብሩ ማዶ ግን ሌላ ቤት አለ፤ ጣሪያው ይጠገናል፣ እሱን እችለዋለሁ። እንግዲህ ውሃው በሸባ ከሠራልዎት ሸባ ይሁን። ኻልቲ ትብር ለሰለቅታ ሰዎች የሰጠችውን ቃል ለጊዜው በይደር ታቆይልኝ። ስለ ጨረቃው ያስጻፉትን ሰምታ፣ «አሁን ሐሳቡን ይለውጣል፤ ልጄን እንደ ፖስታ ከረጢት ወዲያና ወዲህ ይወረውራታል» ብላ እንደተቆጣች መኑቢያ በባሏ እጅ ጽፋልኛለች። መቆጣቷ ትክክል ነው። ምን ልበላት?

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፦ ባለፈው መጸው ስንት ዝንጣፊ ተከሉ? በሸባ ያን ያህል ቦታ መፈለግ አለብኝ፤ ቁጥሩን ሳላውቅ ቦታ መጠየቅ አልችልም። ደላንዳስ ምን ትላለች? የምጠይቀው ሁሉ ግድግዳ ላይ እንደሚወረወር ጭቃ ሆነብኝ፤ የሚይዘው የለም፣ ሁሉም ተመልሶ ፊቴ ላይ ይወርዳል።

እባክዎ፣ የጠየቅሁትን ይመልሱልኝ።

ፈርጃኒ


ክራተን፣ ሜይ 17 ቀን 1971

ልጄ ፈርጃኒ፣

ሦስት ጊዜ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አጥር የለም። ካልተከልኩ ሁለት መጸው አለፈ። ጉልበቴ ውሃ ውስጥ አይቆምም። የባሕር ርስታችን ባዶውን ነው፤ ከአሮጌው ዝንጣፊ የቀረው ጥቂት ነው፣ ወፍ ያርፍበታል። እናትህ «አትጻፍለት፣ ይሠጋል» አለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማስጻፍ ደስ አይልምና። ስለዚህ ለእኔ ብለህ ውሃ አትለካ። ሸባም ብትወስደኝ ሰለቅታም ብትወስደኝ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

ይህን እያስጻፍኩ ሳለ ደላንዳ ሱቁ ውስጥ ገባች። ዘይት ልትገዛ መስሎኝ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩላት።

«ዐሚ ምፍታሕ፣ ይዙሩ። የመጣሁት እርስዎን ፈልጌ ነው» አለችኝ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ስመለስ ታውቃለች።»

ናጂ ደንግጦ ብዕሩን አስቀመጠ። «አንተ፣ አንሣው! የምለውን በምለው ቃል ጻፍ። ካሳመርከው ከእንግዲህ ዘይት ከሌላ ሱቅ ነው የምገዛው» አለችው። ይኸው እንደተናገረችው፦

«ፈርጃኒ፣ ደብዳቤዎችህን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ መንደሩ የሰማውን እኔም በናጂ መስኮት ሥር ቆሜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ለአባትህ ውሃ ብለህ ሰለቅታ አልክ። ቀጥለህ ለአባትህ ውሃ ብለህ ሸባ አልክ። ለእናቴም አዘንክላት። እኔንም አስጠየቅከኝ፤ ሰው በሰው አፍ ሲጠየቅ በሰው አፍ ይመለስለታል። አንድ ነገር ግን በአንዱም ወረቀት ላይ የለም፤ አንተ ራስህ የት መኖር እንደምትፈልግ። ለሌላ ሰው ተብሎ በተመረጠ ከተማ ብገባ፣ የከፋህ ቀን ‘እዚህ የመጣሁት ለእናንተ ብዬ ነው’ ትለኛለህ። እኔ ያን ለመስማት ባል አላገባም። የምትፈልገውን ጻፍ። ያኔ እመጣለሁ ወይም አልመጣም እልሃለሁ። ደግመህ በሰው ስም ከጻፍክ ግን የእጮኝነቱን ስጦታ በእጄ ይዤ መጥቼ ለአባትህ እመልሳለሁ።»

ከወጣች በኋላ ናጂ «ዘይቱን ረሳችው» አለኝ። «አንተ ቂል፣ መቼ ዘይት ፈለገች?» አልኩት።

ልጄ፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ልጅቷ ከእኔም ከአንተም ትሻላለች።

አባትህ ምፍታሕ


ሰብሃ፣ ጁን 5 ቀን 1971

ለባባ ምፍታሕ፤

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይሁን። ዛሬ ስም መዘርዘር አልጀምርም፤ ከጀመርሁ እዚያው ተደብቄ እቀራለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ደላንዳ በመስኮቱ ሥር አትቁም፤ ገብታ ትቀመጥ። ኻልቲ ትብርም ብትመጣ አትከልከል።

ባባ፣ ስለ ጉልበትዎ ሳነብ የመጀመሪያው ስሜቴ ሐዘን ቢሆን ምንኛ በወደድሁ። ሐዘኑ በኋላ መጣ። አስቀድሞ የተሰማኝ ግን እፎይታ ነበር። ሐማ «ምን ነካህ? ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም» አልሁት፤ ብዙ ሰዓትም በራሴ አፍሬ ተቀመጥሁ።

በኖቬምበር፣ አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ፣ ከእርስዎ ጋር እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ዝንጣፊ አቀብልዎት ነበር። ከጉልበቴ በታች ያለው እግሬ የእኔ መሆኑ ጠፍቶብኝ ነበር። እርስዎ ያንጎራጉሩ ነበር። ዞር ብለውም እስከ ርስታችን ወሰን ምልክት ድረስ በእጅዎ እያሳዩ «ይህ ሁሉ ያንተ ነው» አሉኝ። አባት ለልጁ ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ የለውም፤ እኔ ግን ቅዝቃዜው ከአጥንቴ አልወጣ ብሎኝ፣ በልቤ ከውሃ የራቀ ሥራ ሁሉ እቆጥር ነበር። የልስን ሙያ የያዝሁት፣ ወደዚህም አሸዋ የመጣሁት፣ በሰው ፊት እንደምናገረው ለእንጀራ ብቻ አይደለም። ጨረቃዋንም የረሳኋት ልረሳት ስለወደድሁ ነው።

ስለዚህ እውነቱ ይህ ነው፦ ሸባን አልፈልጋትም። ውሃዋ ሕያው ነውና እፈራታለሁ። አንድ መጸው ሐጅ ብርሒም ዝንጣፊ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ሆነው ምንም አይሉም፤ እኔም ያንን ዝምታዎን አይቼ እምቢ ማለት ስለማልችል እገባለሁ። የምፈልገው ሰለቅታን ነው፤ የምፈልጋትም ባሕሯ ለእኛ ሥራ ስለማይሆን ነው። ለኻልቲ ትብር ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም የታላቅ ልጇ ቤት ከእኛ ሦስተኛው በር መሆኑ ነው ስለ ሰለቅታ የሚያስፈራኝ። ቀን ግድግዳ ለስኜ፣ ከሰዓት በኋላ እጄን ታጥቤ፣ ከባሕሩ ምንም ሳልጠይቅ ዳሩ ላይ ለመቀመጥ እፈልጋለሁ። ይህን የመረጥሁት ለማንም ብዬ አይደለም። ከከፋኝም የማመካኝበት ሰው የለኝም።

ሲ ናጂ ይህን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢያነበው፣ ጮክ ብሎ እንዲደግመው ይዘዙልኝ።

ደላንዳ፣ በውሉ ላይ ሰለቅታ ተብሎ ቢጻፍ ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም?

ባባ፣ ልጅዎ ባሕርዎን እንደማይፈልግ ከሰሙ በኋላ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቤት ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም?

ሁለታችሁም በየራሳችሁ አፍ መልሱልኝ፤ ቅዳሜ የሚነሣው ጀልባ መልሳችሁን ሳይዝ አይሂድ።

ልጅዎ ፈርጃኒ